የማይዘጋው በር፦ ሙቀት የሚለየው የቆዳ ቻናልና የሚያመጣው ሕመም

ክቡራትና ክቡራን፣

እስቲ መዳፋችሁን ጉንጫችሁ ላይ አሳርፉ። ሙቀቱ የሚሰማችሁ በነርቭ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ መልሱ ግን ግማሽ ነው። ከነርቭ ጫፎች በላይ የተደረደሩትን የቆዳ ህዋሶች ሙቀቱ ቀድሞ ያገኛቸዋል፤ እነሱም ራሳቸው ይለዩታል። የሚለዩበት መሣሪያ በህዋሱ ሽፋን ላይ የተተከለ፣ ሲሞቅ የሚከፈት፣ ሲቀዘቅዝ የሚዘጋ የፕሮቲን በር ነው። እንዲህ ያለውን በር አዮን ቻናል እንለዋለን። የዛሬው ርዕሳችን የሆነው ትሪፕ-ቪ3 ይባላል።

ከወዲሁ አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን ቻናል እንደ ቴርሞሜትር ብቻ ካየነው የሚያመጣውን ሕመም አንረዳውም። ትሪፕ-ቪ3 ካልሲየም ወደ ቆዳ ህዋስ የሚገባበት በር ነው። ካልሲየም ደግሞ ለቆዳ ህዋስ «አሁን ብሰል፣ አሁን ጠንክር፣ አሁን ሙት» የሚል ትእዛዝ ነው። በሩ አልዘጋ ሲል በዋናነት የሚበላሸው የቆዳው ግንባታ ነው፤ የሙቀት ስሜቱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዓመቶችን የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1997 የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ካፕሳይሲን፣ ማለትም በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ኬሚካል፣ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ለየ። ያ ፕሮቲን ትሪፕ-ቪ1 ነው፤ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይከፈታል፣ ሙቀት ሕመም መሆን በሚጀምርበት ቦታ ማለት ነው። ነገር ግን 43 ዲግሪ ላይ የሚነቃ በር ስለ ለብታ ሊነግረን አይችልም። ታዲያ 33ን፣ 36ን፣ 38ን የሚለየው ማን ነው? በ2002 ሦስት የምርምር ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ ትሪፕ-ቪ3 ጽፈው አወጡ። ከሦስቱ አንዱ የአርደም ፓታፑቲያን ቡድን ነበር። ጁሊየስና ፓታፑቲያን የሙቀትና የንክኪ ተቀባዮችን በማግኘታቸው የ2021ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ትሪፕ-ቪ1 መኖሪያው በዋናነት የነርቭ ህዋስ ነው። ትሪፕ-ቪ3 ግን በአይጥ ላይ በብዛት የተገኘው በኬራቲኖሳይቶች፣ ማለትም የላይኛውን ቆዳ በሚገነቡት ህዋሶች ውስጥ ነው፤ የፀጉር ሥር ዙሪያም አለ። በሰው ላይ በነርቭ ህዋሶችም ታይቷል፤ ይሁንና ዋና ቤቱ ቆዳ ነው። የዛሬው ንግግር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ አድራሻ ላይ ነው።

በሩ እንዴት ተሠርቷል?

በሰው ውስጥ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል በ17ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ፣ ከትሪፕ-ቪ1 ዘረመል አጠገብ ይገኛል። አንድ የፕሮቲን ሰንሰለት 790 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች፣ አሉት፤ ብቻውን ግን በር አይሆንም። አራት ሰንሰለቶች ክብ ሠርተው ሲቆሙ በመካከላቸው ቀዳዳ ይፈጠራል። እያንዳንዱ ሰንሰለት የህዋሱን ሽፋን ስድስት ጊዜ ያቋርጣል፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ማቋረጫ የቀዳዳው ግድግዳ ናቸው። አራተኛውን ከአምስተኛው የሚያገናኝ አጭር ድልድይ አለ። ይህን ድልድይ አደራ አትርሱት፣ በሽታው ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን። የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ወደ ህዋሱ ውስጥ የሚያመለክቱ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጫፍ አንኪሪን የሚባሉ ስድስት ተደጋጋሚ እጥፋቶችን ይዟል። በ2018 በክራዮ-ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሡ ምስሎች የቻናሉን ቅርጽ ከነዝርዝሩ አሳይተውናል።

በሩ ሲከፈት ሶዲየምም ካልሲየምም ይገባሉ። ከህዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም ከ1 እስከ 2 ሚሊሞላር ነው፤ ውስጥ ያለው 100 ናኖሞላር ገደማ። ልዩነቱ ከ10,000 እጥፍ አያንስም። ስለዚህ በሩ ለቅጽበት እንኳ ገርበብ ካለ ካልሲየም ይጎርፋል፤ ህዋሱም ያንን ጎርፍ እንደ መልእክት ያነበዋል።

አብዛኛው ኬሚካላዊ ሂደት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ 2 ወይም 3 እጥፍ ያድጋል። ተራ ቻናሎችም እንደዚያው ናቸው። ሙቀትን የሚለዩት ቻናሎች ግን ከ10 እጥፍ በላይ ሊዘሉ ይችላሉ፤ ለየት የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። ለትሪፕ-ቪ3 በብዛት የሚጠቀሰው መነሻ 33 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ አለካኩ ከ31 እስከ 39 ተብሏል። የቆዳችን የላይኛው ገጽ ራሱ በአብዛኛው ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ላይ ነው የሚውለው። ይህ ማለት ቻናሉ ዘወትር ደፍ ላይ ቆሟል፤ እንዲከፈት ለመግፋት ጥቂት ተጨማሪ ሙቀት ይበቃል።

ሌላው ባሕርዩ ከወንድሙ ፈጽሞ ይለየዋል። ትሪፕ-ቪ1 በተደጋጋሚ ሲነካ ይደክማል። ትሪፕ-ቪ3 ግን በተደጋጋሚ ሲሞቅ ምላሹ እየበረታ ይሄዳል። አንደኛው ሙቀት ጥቂት ካልሲየም ያስገባል፣ ሁለተኛው ይበልጣል፣ አምስተኛው ከሁሉ ይልቃል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ተገኝተዋል። አንደኛው፣ ካልሲየም ራሱ ካልሞዱሊን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ሆኖ በሩን እንደ ልጓም ይይዘዋል፤ መነካካቱ ሲደጋገም ልጓሙ ይላላል። ሁለተኛው ከበሩ አሠራር የሚመጣ ነው። ፈጽሞ ያልተነካ ቻናል ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪከፈት ከ50 ዲግሪ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ወደ ቀድሞ ሁኔታው በቀላሉ አይመለስም፣ በጣም ባነሰ ሙቀትም ይከፈታል። «የዚህ ቻናል መነሻ ስንት ዲግሪ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የተለያየ ቁጥር የሚሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ቁጥሩ ቻናሉ ከዚህ በፊት ባለፈበት ይወሰናል።

በቤተ ሙከራ ሲለካ የሚበላሸው ብዙ ነው

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለ ትሪፕ-ቪ3 በጽሑፍ ከሚወጡት ተቃራኒ ውጤቶች ብዙዎቹ ከአለካክ የሚመነጩ ስለሆነ ነው።

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ኤችኢኬ293 የሚባሉት ከሰው ኩላሊት የመጡ ህዋሶች ራሳቸው ትሪፕ-ቪ3ን በቁም ነገር አይሠሩም፤ ስለዚህ ዘረመሉን በፕላዝሚድ፣ ማለትም ዘረመል በሚሸከም ክብ ዲኤንኤ፣ እናስገባባቸዋለን። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቻናሉ በሽፋናቸው ላይ ይታያል። ከዚያ በቻናሉ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በሚለካው በፓች-ክላምፕ ዘዴ ጫፏ 1 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነች የመስታወት ፒፔት፣ ተቃውሞዋ ከ2 እስከ 5 ሜጋኦም የሆነ፣ ህዋሱ ላይ ትለጠፋለች። የልጥፉ ተቃውሞ ከ1 ጊጋኦም በላይ ካልሆነ ልኬቱን አትጀምሩት። ቮልቴጁን ከ-100 ወደ +100 ሚሊቮልት እያዘነበልን፣ የሚፈሰውን ፈሳሽ ከ25 ወደ 42 ዲግሪ ደጋግመን እናሞቃለን፣ በመካከሉም እናቀዘቅዛለን።

የመጀመሪያው ስሕተት ቴርሞሜትሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የሙቀት መለኪያው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ከሆነና ህዋሱ መሀል ከሆነ፣ ማሽኑ 40 ሲል ህዋሱ ገና 35 ላይ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከህዋሱ ከ1 ሚሊሜትር በማይርቅ ቦታ፣ በዚያው በፈሳሹ ፍሰት ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛው ስሕተት የልጥፉ መላላት ነው። ሲሞቅ የመስታወቱና የሽፋኑ መያያዝ ይላላል፣ በዚያ በኩል የሚፈሰው ኤሌክትሪክም እንደ ቻናል መከፈት ይመስላል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ዘረመሉ ያልገባበትን ህዋስ በዚያው ሙቀት መለካት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሩቴኒየም ቀይ የሚባለውን ማገጃ 10 ማይክሮሞላር ገደማ ጨምሮ ወደ ውስጥ የሚፈሰው መቆሙን ማየት። ካልቆመ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛው ስሕተት አንድ ጊዜ ብቻ አሙቆ መፍረድ ነው። ትሪፕ-ቪ3 በድግግሞሽ የሚበረታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሙቀት ባዶ ሆኖ ቢታይ «ቻናሉ የለም» ማለት አይቻልም።

የካልሲየምን መግባት በብርሃን መለካትም ይቻላል። ፉራ-2 የሚባለው ቀለም በ340 እና በ380 ናኖሜትር ብርሃን ተራ በተራ ይበራል፤ የሁለቱ ጥምርታ የካልሲየሙን መጠን ይናገራል። ይህ ዘዴ ብዙ ህዋሶችን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ይሁንና የቀለሙ ባሕርይ ራሱ በሙቀት ስለሚለዋወጥ ቻናል የሌላቸው ህዋሶች እዚህም ጎን ለጎን መለካት አለባቸው።

ቻናሉን የሚከፍቱ ኬሚካሎችም አሉ። ካምፎር፣ ከጦስኝ የሚገኘው ታይሞል፣ ከቅርንፉድ የሚገኘው ዩጀኖል፣ ከኦሬጋኖ የሚገኘው ካርቫክሮል ሁሉም ይከፍቱታል። ካምፎር የሚፈልገው በሚሊሞላር የሚቆጠር ከፍ ያለ መጠን ነው፤ ካርቫክሮል በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞላር ይበቃዋል። በቤተ ሙከራ አብዝቶ የሚሠራበት 2-ኤፒቢ የተባለው ውህድ ነው። አንዳቸውም ግን ለትሪፕ-ቪ3 ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። 2-ኤፒቢ ትሪፕ-ቪ1ንና ትሪፕ-ቪ2ን ይከፍታል፣ ህዋሱ ውስጥ ካልሲየም የሚለቁ ሌሎች መንገዶችን ያግዳል። ካምፎር ትሪፕ-ቪ1ን ይነካል፣ ትሪፕ-ኤ1 የሚባለውን ሌላ የነርቭ ቻናል ይዘጋል። ስለዚህ «ካርቫክሮል ጨመርን፣ ካልሲየም ገባ፣ ትሪፕ-ቪ3 ነው» የሚል ድምዳሜ ስታዩ አትቸኩሉ። ዘረመሉ ከተወገደበት ህዋስ ጋር ያልተነጻጸረ ውጤት ግማሽ ውጤት ነው።

ዘረመሉ ሲወገድ

በ2005 የፓታፑቲያን ቡድን ትሪፕ-ቪ3 የሌላቸውን አይጦች አጥንቶ ለሙቀትና ለካምፎር ያላቸው ምላሽ መቀነሱን አሳየ። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በኋላ በሌላ የአይጥ ዝርያ ላይ፣ በ2011 በወጣ ጥናት፣ ያው ዘረመል ቢወገድም በሙቀት ባሕርይ ላይ የታየው ለውጥ እጅግ ትንሽ ሆነ። አሁን በምናውቀው ለብታን ለመለየት ሌሎች ቻናሎች፣ በነርቭ ውስጥ ያለውን ትሪፕ-ኤም2ን ጨምሮ፣ ድርሻ አላቸው። ትሪፕ-ቪ3 ለሙቀት ስሜት አስተዋጽኦ ያደርጋል፤ ነገር ግን ያለ እሱ ስሜቱ አይጠፋም። የቻናሉን ሥራ በሙቀት ስሜት ብቻ መፈለግ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ዝርያ ቢለወጥም ያልተለወጠ አንድ ነገር ግን ነበር፦ ፀጉራቸው። ትሪፕ-ቪ3 የሌላቸው አይጦች ሱፋቸው ይሞገዳል፣ ጢማቸው ይጠመዘዛል። ይህ ምልክት ለዘረመል አጥኚዎች አዲስ አልነበረም። ከድሮ ጀምሮ የሚታወቁ ሁለት ሞገዳማ ፀጉር ያላቸው አይጦች አሉ፤ በአንደኛው የተበላሸው ቲጂኤፍ-አልፋ የሚባለው የእድገት መልእክተኛ ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ መልእክቱን የሚቀበለው ኢጂኤፍአር። ሦስት የተለያዩ ዘረመሎች ሲበላሹ ተመሳሳይ ፀጉር ከወጣ፣ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ይሠራሉ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በ2010 የታተመ ሥራ ይህንኑ አረጋገጠ። ትሪፕ-ቪ3 ከኢጂኤፍአር ጋር በአንድ ስብስብ ውስጥ ይቀመጣል። በሩ ሲከፈት ካልሲየም ይገባል፤ ቲጂኤፍ-አልፋ ከህዋሱ ሽፋን ተቆርጦ ይለቀቃል፤ ኢጂኤፍአር ላይ ያርፋል፤ የነቃው ኢጂኤፍአር ደግሞ ተመልሶ የትሪፕ-ቪ3ን መከፈት ያበረታል። የገባው ካልሲየም ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም ያነቃል። ይህ ኢንዛይም ፕሮቲኖችን እርስ በርስ እየሰፋ የላይኛውን ቆዳ ውሃ የማያስገባና የማያስወጣ አጥር ያደርገዋል። ቻናሉ የሌላቸው አይጦች ይህ አጥራቸው ደካማ ነው።

የፀጉር ጠመዝማዛነትን ተከትሎ እዚህ መድረስ መቻሉ ለእኔ ከዚህ ዘርፍ ውብ ሥራዎች አንዱ ነው።

በሩ አልዘጋ ሲል

አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ። ፀጉር አልባ ሆነው ቆዳቸው በራሱ የሚቆጣ የአይጥ ዝርያና ፀጉር አልባ የሆነ ሌላ ትልቅ የአይጥ ዝርያ በቤተ ሙከራ ይራቡ ነበር። በ2006 ምክንያቱ ሲፈለግ ሁለቱም በትሪፕ-ቪ3 ላይ በአንድ ቦታ፣ በ573ኛው አሚኖ አሲድ ላይ፣ ለውጥ ተገኘባቸው። ቦታው አትርሱት ያልኋችሁ ድልድይ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ግላይሲን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው። በአንደኛው ዝርያ ሴሪን፣ በሌላው ሲስቲን ተተክቶበታል። ትንሽ እቃ መኖር ባለበት ጠባብ ቦታ ተለቅ ያለ ሲገባ ድልድዩ ይጣመማል፤ በሩም ሙቀት ሳያስፈልገው ክፍት ሆኖ ይቀራል። የተለወጠው ቻናል ወደ ኤችኢኬ293 ህዋሶች ሲገባ ህዋሶቹ በካልሲየም ተጥለቅልቀው ይሞታሉ። ሊለካቸው የሚፈልግ ሰው ማብቀያ ፈሳሹ ውስጥ ሩቴኒየም ቀይ ጨምሮ በሕይወት ሊያቆያቸው ይገባል።

በሰው ላይ ኦልምስቴድ ሲንድሮም የሚባል ሕመም በ1927 ተመዝግቦ ነበር። ብርቅ በሽታ ነው። በ2012 የታማሚዎች ዘረመል ሲነበብ ትሪፕ-ቪ3 ላይ ለውጥ ተገኘ፤ ከለውጦቹ ሁለቱ ያንኑ 573ኛ ግላይሲን ወደ ሴሪን ወይም ወደ ሲስቲን የቀየሩ ናቸው። በአይጥና በሰው በአንድ ነጥብ ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ! ሦስተኛው በ692ኛው ቦታ ያለውን ትሪፕቶፋን በግላይሲን የቀየረ ነው። እነዚህ ሁሉ ከዲኤንኤው አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ የሚመጡ ናቸው። በአብዛኛው ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም፤ ወላጆች ራሳቸውን ሊወቅሱ የሚገባበት ምክንያት የለም፣ ይህንንም ሐኪሙ በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል።

ምልክቱ በሕፃንነት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ልጁ መጨበጥና መራመድ ሲጀምር ይጎላል። መዳፍና ውስጥ እግር እየወፈሩ ይጠጥራሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ መርገጥ ያማል። በአፍ፣ በአፍንጫና በመቀመጫ ዙሪያ የተቆለለ ጠጣር ቆዳ ይወጣል። ፀጉር ይሳሳል ወይም አይበቅልም። ማሳከኩ እንቅልፍ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች ላይ እግር ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ሙቀት ያባብሰዋል። ጠጣሩ ቆዳ ጣትን እንደ ቀለበት አንቆ ደም ይከለክላል፤ በጊዜ ካልተፈታ ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል። ለዓመታት በቆየ ጠጣር ቆዳ ላይ የቆዳ ካንሰር ሊበቅል ስለሚችል፣ የማይድን ቁስል ወይም በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ናሙና ሳይወሰድለት መታለፍ የለበትም።

እነዚህ ምልክቶች ካልሲየምን ስትከተሉ ግልጽ ይሆናሉ። የካልሲየም መብዛት ኢጂኤፍአርን ያለማቋረጥ ስለሚያነቃ ህዋሶች ይባዛሉ፤ ትራንስግሉታሚኔዝም ከልክ በላይ ይሰፋል፤ ቆዳው ይወፍራል። የፀጉር ሥር ህዋሶችም እድገታቸው ይስተጓጎላል፦ ከሰው የተወሰዱ የፀጉር ሥሮች በቤተ ሙከራ ትሪፕ-ቪ3ን በሚከፍት ኬሚካል ሲነኩ የፀጉሩ መርዘም ቆሟል። መዳፍና ውስጥ እግር ለምን ከሌላው ይብሳሉ ለሚለው ግፊትና ፍትጊያ ድርሻ እንዳላቸው የሕመሙ አጀማመር ራሱ ይጠቁማል።

ምርመራው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በአፍና በመቀመጫ ዙሪያ የሚወጣ ቁስል የዚንክ እጥረት በሚያመጣው በሽታም ይታያል፤ ያ ደግሞ ዚንክ በመስጠት የሚድን ነው። ስለዚህ የዘረመል ውጤት እስኪመጣ የደም ዚንክ መለካት ግድ ነው። ኦልምስቴድን የሚመስሉ ሌሎች የመዳፍ መጠጠር በሽታዎችም ብዙ ናቸው፤ የኦልምስቴድን መልክ የሚሰጡ ሌሎች ዘረመሎችም አሉ፣ ለምሳሌ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤምቢቲፒኤስ2። ትሪፕ-ቪ3ን ብቻ አንብቦ «የለም» ብሎ መዝጋት ስሕተት ነው።

የተለመደው የቆዳ ማሳከክስ?

ኦልምስቴድ ብርቅ ነው፤ ማሳከክ ግን የሁሉም ነው። ኬራቲኖሳይት ትሪፕ-ቪ3 ሲከፈትበት ዝም አይልም፤ ኤቲፒ፣ ፕሮስታግላንዲን ኢ2፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃል። ቲኤስኤልፒ የተባለው የማሳከክና የአለርጂ መልእክተኛም ከዚህ መንገድ ጋር ተያይዟል። አጠገቡ ያሉት ነርቮች እነዚህን መልእክቶች ያነባሉ። በአቶፒክ ደርማታይትስ፣ በተለምዶ ኤክዜማ በሚባለው፣ በተጎዳ ቆዳና በሚያሳክክ የቃጠሎ ጠባሳ ውስጥ ትሪፕ-ቪ3 በዝቶ ተገኝቷል። ኤክዜማ ያለበት ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሲሞቅ ወይም በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ለምን እንደሚብስበት ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛው ነው ግን አልልም፣ ላብና የደም ሥር መስፋትም አሉበት። ለተግባሩ ልዩነት የለውም፦ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ እጥበቱ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፣ ማለስለሻው ቆዳው ሳይደርቅ ይቀባ።

ካምፎር ያላቸው የማሳከክ ቅባቶች ላይ ጥያቄ ይነሣል። በጤነኛ ሰው ላይ ካምፎር የሚያስታግሰው ሌሎች ቻናሎችን በመዝጋትና በማድከም ነው። ትሪፕ-ቪ3ው ከልክ በላይ ለሚሠራ ታማሚ ግን ያንኑ ቻናል የሚከፍት ነገር መቀባት ከአሠራሩ አንጻር አይመከርም። ለማንኛውም ካምፎር ከሕፃናት እጅ መራቅ አለበት፤ ሲዋጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ሕክምናው እስከ የት ደርሷል?

ለኦልምስቴድ የመጀመሪያው ሥራ ማለስለስና መፋቅ ነው። ዩሪያ ያለው ቅባት፣ ለስላሳ ቦታ 10 በመቶ፣ ለወፍራሙ እስከ 40 በመቶ። እግሩ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ከዚያ ይፋቃል። ሳሊሲሊክ አሲድም ያገለግላል፤ ነገር ግን በሕፃን ሰፊ ገላ ላይ ከተቀባ ወደ ደም ገብቶ ይመርዛል። እግሩ የሚቃጠልበት ሰው በረዶ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፉ ቆዳውን ይጎዳዋል፤ የአየር ማራገቢያ ይሻላል። ማሳከኩ በፀረ-ሂስታሚን ክኒን ብዙም አይታገስም፤ ከላይ እንዳየነው መልእክቱ የሚሄደው በሂስታሚን ብቻ አይደለም።

አሲትሬቲን የሚባለው ክኒን መወፈሩን ለአንዳንዶች ይቀንሳል። ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሴቶች መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ እንኳ ለ3 ዓመት እርግዝና መከላከል አለባቸው፤ ከአልኮል ጋር ከተወሰደ ከሰውነት ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወደሚፈጅ ሌላ ውህድ ስለሚለወጥ አልኮል ክልክል ነው። የጉበትና የደም ቅባት ምርመራም በየጊዜው ይደረጋል። ጠጣሩን ቆዳ በቀዶ ጥገና ማንሣት ይቻላል፤ ዘረመሉ እንዳለ ስለሆነ ግን ተመልሶ ሊበቅል ይችላል።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ትሪፕ-ቪ3ና ኢጂኤፍአር እርስ በርስ የሚበረታቱበትን ያንን ክብ መስመር ከመረዳት ነው። በሩን መዝጋት ካልቻልን ከበሩ በኋላ ያለውን ኢጂኤፍአርን እንዝጋው። ኢጂኤፍአርን የሚያግድ ኤርሎቲኒብ የሚባል ክኒን ለሳንባ ካንሰር ተሠርቶ በእጃችን ነበር። በ2020 በኦልምስቴድ ታማሚዎች ላይ መሞከሩ ሲዘገብ የመዳፍና የእግር መወፈርም ሕመሙም በግልጽ ቀንሶ ታየ። በአይጥ ሞገዳማ ፀጉር የተጀመረ ጥያቄ መራመድ ለተሳነው ልጅ ክኒን ሆነ። ክኒኑ ዋጋ ያስከፍላል፤ ብጉር የመሰለ ሽፍታ፣ ተቅማጥ፣ የጥፍር ዙሪያ መቆጣት ያመጣል። የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶች መመጠጡን ይቀንሱበታል፣ ሲጋራም በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያወርደዋል። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል መጠን ከመጨመር በፊት እነዚህን ሁለቱን መጠየቅ ይገባል።

የሚቀረው በሩን ራሱን የሚዘጋ መድኃኒት ነው። ትሪፕ-ቪ1ን የሚያግዱ ክኒኖች ለሕመም ማስታገሻ ሲሞከሩ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ስላደረጉ ብዙዎቹ ቆመዋል። ትሪፕ-ቪ3 ቤቱ ቆዳ ስለሆነ በቅባት መልክ እዚያው ማገድ ይህን አደጋ ሊያስቀር ይችላል። በ2021 ዳይክሎኒን የተባለ ለጉሮሮና ለአፍ ማደንዘዣነት ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት ትሪፕ-ቪ3ን እንደሚያግድ ተዘግቧል፤ ለመድኃኒት ፈላጊዎች ጥሩ መነሻ ነው፣ የሶዲየም ቻናሎችንም ስለሚዘጋ ግን የመጨረሻው መልስ አይደለም።

ትልቁ እንቅፋት ራሱ በሽታው ነው። ቅባት በቆዳ ዘልቆ እንዲገባ ሞለኪዩሉ ከ500 ዳልተን ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህ ደግሞ ለተለመደ ቆዳ የተነገረ ነው። የታመመ መዳፍ ላይ መድኃኒቱ በሕይወት ያሉት ህዋሶች ጋ ከመድረሱ በፊት በሚሊሜትር የሚቆጠር የሞተ ኬራቲን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማንኛውም የሚቀባ ማገጃ ሲሞከር ቆዳው በዩሪያ ከሳሳ በኋላ ቢጀመር ይበጃል። የቀኝ እጅ መድኃኒቱን፣ የግራ እጅ መድኃኒት የሌለበትን ያንኑ ቅባት ማግኘት አለበት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም ታማሚውም ለኪውም ማወቅ የለባቸውም። ውፍረቱ በአልትራሳውንድ፣ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ፣ ሁሌም በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት ይለካ። የላይኛው ቆዳ ከታች እስከ ላይ ለመታደስ ከ4 ሳምንት በላይ ስለሚፈጅ፣ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ የሚያቋርጥ ሙከራ አዲሱ ቆዳ ገና ወደ ላይ ሳይደርስ ፈርዷል ማለት ነው።